ሦስት ወንድማማቾችን የወሰደ በሽታ በዘር ነው?

የጤና ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ ወር ከመጡልኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ ጉበት ናቸው። ሦስቱም ውስጥ «ዘር» የምትለዋ ቃል አለች። ስለዚህ አንድ ላይ አደረግኳቸው። የመጀመሪያው ረዘም ይላል፤ መልሱም እንደዚያው።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዶክተር። የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። ዕድሜዬ 29፣ ሥራዬ መምህርነት ነው። አባቴ በ51 ዓመቱ በጉበት ካንሰር ሞተ። ሆዱ ውኃ ቋጥሮ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሦስት ወርም አልቆየ። ከእሱ በፊት ታላቅ ወንድሙ፣ አምና ደግሞ ታናሽ አጎቴ በዚሁ በሽታ ሄዱ። ሽማግሌዎቹ «እርግማን አለባችሁ» ይላሉ። ወንድ አያቴ ሁለት ሚስት ነበራቸው። የሞቱት ሦስቱም የሴት አያቴ ልጆች ናቸው። ከሌላኛዋ ሚስት የተወለዱት አራቱ እስካሁን ደህና ናቸው። ቨርጂኒያ ያለው የአክስቴ ልጅ «ካንሰር የዘረመል ነገር ነው፤ በምራቅ የሚመረመር ኪት ልላክልህ» አለኝ። ውጤቱን ፈራሁ። ዘንድሮ ላገባ አስቤ ነበር፤ የአባቴ ሞት በእኔም ደም ውስጥ ካለ ልጅቷን ለምን አሳቅቃለሁ ብዬ ነገሩን አቆይቼዋለሁ። ኪቱን ልቀበል? — መ.

መልስ፦ ወንድሜ፣ በቅድሚያ ነፍስ ይማር። በጥቂት ዓመት ውስጥ ሦስት ሰው መቅበር ቀላል አይደለም።

እኔ አንድ ልማድ አለኝ። ታካሚ ፊቴ ተቀምጦ «አባቴም በዚህ ነው የሞተው» ሲለኝ የማዘዣ ወረቀት ገልብጬ የቤተሰቡን ሐረግ እስላለሁ። ወንድ ካሬ፣ ሴት ክብ፣ የሞተ ሰው ላይ ሰረዝ። ደብዳቤህን እያነበብኩ ያንተንም ሳልኩት። አንተ እግረ መንገድህን ያነሳኸው ነገር ዓይኔን ያዘው፤ የሁለቱ ሚስቶች ጉዳይ። አባት አንድ፣ እናት ሁለት። ሰረዞቹ በሙሉ ያሉት ደግሞ በአንደኛዋ እናት ሥር ነው።

ነገሩ ከወንድ አያትህ የመጣ ጂን ቢሆን ኖሮ ከሌላኛዋ ሚስት ልጆችም አንድ ሁለቱን በነካ ነበር። ከሴት አያትህ የመጣ ጂን ሊሆን አይችልም ወይ? ይችላል። ግን ከእናት ወደ ልጅ የሚሄድ፣ በአገራችንም ሞልቶ የተረፈ ሌላ ነገር አለ። ጉበትን የሚያጠቃው ሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ነው። ከኢትዮጵያ ብዙ ጥናቶች ተሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ አንድ ግምገማ 7.4 ከመቶ የሚሆነው ሰው ተሸካሚ ነው ይላል። የአንተ ትምህርት ቤት 60 መምህራን ካሉት፣ በዚህ ስሌት አራት የሚሆኑት ሳያውቁት ይዘውታል ማለት ነው።

አንድ ታሪክ ላጫውትህ፤ ያንተን ጥያቄ ቁጭ ነው። ባሩክ ብሉምበርግ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነበር። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ዓመታት ከአገር አገር እየዞረ የሰው ደም ይሰበስብ ነበር። ናይጄሪያ ሄዷል፣ ሱሪናም ሄዷል። የሚፈልገው ቫይረስ አልነበረም። አንዱ ሰው ሲታመም ሌላው ለምን ይተርፋል፣ በዘር የምንወርሰው ልዩነት ምንድን ነው የሚለውን ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ከአንድ የአውስትራሊያ ቀደምት ነዋሪ የተቀዳ ደም፣ ብዙ ጊዜ ደም ከተሰጠው የኒውዮርክ ታካሚ ደም ጋር ሲገናኝ ምላሽ ሰጠ። ደሙ ውስጥ ሆኖ ምላሹን ያመጣውን ነገር «የአውስትራሊያ አንቲጅን» አሉት። እ.ኤ.አ. በ1965 አሳተሙት።

ቀጥለው ቤተሰብ በቤተሰብ መረመሩ። አንቲጅኑ አንዱ ቤት ይበዛል፣ ሌላው ቤት የለም። ወንድምና እህት አብረው ይይዙታል። የዘር ሕግ ላይ ሲያስቀምጡት ልክክ አለ። «ይኸው በዘር የሚወረስ ነው» አሉ። በኋላ አንድ ታካሚ መጀመሪያ ሲመረመር አንቲጅኑ አልነበረበትም፤ ደግመው ሲመረምሩት ተገኘ። ጂን ደግሞ ስትወለድ ወይ አለህ ወይ የለህም፤ እንደ እንግዳ መንገድ ላይ አይገባም። የታካሚው ጉበት ሲታይ ታሟል። ቀስ በቀስ ዘር ያሉት ነገር የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ቅርፊት ሆኖ ተገኘ። ብሉምበርግ በ1976 የኖቤል ሽልማት ወሰደ። እኔ ሁልጊዜ የሚደንቀኝ ሽልማቱ አይደለም። በዓለም ላይ ስለ ዘር ልዩነት እሱን ያህል ያሰበ ሰው በቁጥር ነበር፤ እሱንም ቤተሰብ ውስጥ የሚዞር ቫይረስ አሳስቶታል። የአክስትህ ልጅ ቢሳሳት አትፍረድበት።

ቫይረሱ ከካንሰሩ ጋር ያለውን ዝምድና ደግሞ ታይዋን ውስጥ የተሠራ ጥናት አፍረጥርጦታል። 22,707 ወንዶችን ለዓመታት ተከታተሉ። እ.ኤ.አ. በ1981 ውጤቱ ሲወጣ በጉበት ካንሰር ከሞቱት 41 ሰዎች 40ዎቹ የቫይረሱ ተሸካሚዎች ነበሩ። አንብቤ ሁለት ጊዜ ነው የቆጠርኩት።

አሁን «ታዲያ ዘረመል ምንም ድርሻ የለውም?» ትለኛለህ። አለው። ለዚህ ከራሴ ቤት ልንገርህ።

የተወለድኩት ሸዋ ውስጥ፣ ከመኪና መንገድ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቅ ገጠር ነው። ስድስት ዓመት ሲሆነኝ ታናሽ ወንድሜ ሁለት ነበር። ክረምቱን ጉሮሯችንን ሲያመን ከረመና እንጥል የምትቆርጥ ባልቴት ተጠራች። እኛ ደጅ ላይ የሰፈሩን ልጆች ሰበሰቡ። ዘጠኝ ነበርን። እኔ አልቅሼ ስላስቸገርኩ ወደ መጨረሻ ገፉኝ፤ ከእኔ በኋላ የቀረው በእናቴ ጀርባ የታዘለው ወንድሜ ብቻ ነበር። ምላጩ አንድ ነው። ሴትየዋ በየልጁ መሀል በነጠላዋ ጫፍ ታብሰዋለች። የነጠላው ጫፍ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ።

ሕክምና ትምህርት ቤት ገብቼ በቤተ ሙከራ ልምምድ የራሳችንን ደም ስንመረምር ሄፓታይተስ ቢ ሰውነቴ ገብቶ እንደነበረ፣ ሰውነቴም እንዳባረረው የሚመሰክር ምልክት ተገኘብኝ። መቼ እንደታመምኩ አላውቅም። በነጋታው ወደ ወንድሜ ደወልኩና እንዲመረመር ለመንኩት። እሱ ተሸካሚ ሆኖ ተገኘ።

ከምላጩ ይሁን ከሌላ ቦታ ምስክር የለኝም። ግን አስበው። አንድ እናት፣ አንድ ቤት፣ ምናልባትም አንድ ቀን። እኔ አባረርኩት፤ እሱ ጋ ቀረ። ትልቁ ምክንያት ዕድሜ ነው። ገና ሲወለድ የተያዘ ሕፃን ከመቶ 90 ያህሉ ዕድሜ ልኩን ይዞት ይቀራል። ጎልማሳ ሆኖ የተያዘ ከመቶ አምስት እንኳ አይሞላም። የሁለት ዓመቱ ወንድሜ ከስድስት ዓመቷ እኔ የባሰ ቦታ ላይ ነበር። የቀረውን ግን ዘረመል ይጨምርበታል። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ኤችኤልኤ-ዲፒ በሚባሉ ጂኖች አካባቢ ያለ ልዩነት ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ እንዲቀር ወይም እንዲወጣ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ መሆኑን አሳይተዋል። እነዚህ ጂኖች የሚሠሩት ነገር የቫይረሱን ቁራጭ ይዞ ለሰውነት ወታደሮች «ጠላታችሁ ይኸውላችሁ» እያለ የሚያሳይ ነው። አሳዩ የተለያየ ነው። የአንዱ ጥርት አድርጎ ያሳያል፣ የሌላው ያደበዝዛል።

እንዲህ ያለው ልዩነት መርዝም ላይ አለ። ጉበት የሰውነት ጓዳ ነው፤ የገባው ሁሉ እዚያ ይበጠራል። አበጣጠሩ ግን ከሰው ሰው ይለያል። በስዊድን ካሮሊንስካ የምትሠራው ኢትዮጵያዊት ተመራማሪ ኤሌኒ አክሊሉ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመችው ጥናት፣ ከኢትዮጵያውያን 29 ከመቶ ያህሉ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባለውን የጉበት ጂን ከተለመደው በላይ ደርበው ይዘው ተገኝተዋል። እንዲህ ያለ ሰው ኮዴይን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ሲወስድ ጉበቱ ቶሎ ቶሎ ወደ ሞርፊን ይለውጥበታል። ይሄኛው ከካንሰር ጋር ግንኙነት የለውም። ጉበትና ጉበት አንድ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው ያነሳሁት፤ በዚያ ላይ የእኛው ልጅ የሠራችው ነው።

ወደ ካንሰሩ ስመለስ ዋናው መርዝ አፍላቶክሲን ነው። ሻጋታ የሚያመርተው ነው። በቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ በርበሬ፣ እርጥበት ያገኘው ማሽላ ላይ ይወጣል። ሥራው ተንኮለኛ ነው። ወደ ክፉ መልኩ የሚለውጠው ጉበት ራሱ ነው። ከዚያ ደግሞ ሌሎች የጉበት ኢንዛይሞች ተሯሩጠው ሊያመክኑት ይሞክራሉ። ከእነዚህ ሁለቱን የሚሠሩት ጂኖች ጂኤስቲኤም1 እና ኢፒኤችኤክስ ይባላሉ። ጂኤስቲኤም1 በዓለም ላይ ብዙ ሰው ጭራሹን የለውም፤ ሳይኖረውም ጤነኛ ሆኖ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1995 ጋናና ቻይና ውስጥ የተደረገ ጥናት ወጣ። ጋና ላይ የአፍላቶክሲን አሻራ በደማቸው በተገኘ ሰዎች ዘንድ የሁለቱ ጂኖች የተለወጡ ዓይነቶች በዝተው ታዩ። ቻይና ላይ ደግሞ የተለወጠው ኢፒኤችኤክስ በጉበት ካንሰር ታካሚዎች ላይ በዛ፤ ነገሩ ሄፓታይተስ ቢ መኖር አለመኖሩንም ተከትሎ ይለያይ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡት ጥናቶች ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ አልሰጡም። ለዚህ ነው እኔ እነዚህን ጂኖች ለታካሚ የማላዝዘው።

የማያከራክረው የቫይረሱና የመርዙ መገናኘት ነው። ሻንጋይ ውስጥ ወንዶችን ተከታትለው በ1990ዎቹ ባሳተሙት ጥናት፣ አፍላቶክሲን ብቻ የነካው ሰው የመታመም ዕድሉ ከ3 እጥፍ በላይ፣ ቫይረሱ ብቻ ያለበት 7 እጥፍ፣ ሁለቱም የተገናኙበት ግን 60 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ሰባትና ሦስት ተደምረው ስልሳ አይሆኑም። አንዱ ላንዱ በር ይከፍታል።

አንድ ደስ የሚል ነገር ልጨምር። ቻይና ውስጥ ያንግትዜ ወንዝ ባሕር የሚገባበት ቦታ ቺዶንግ የምትባል አካባቢ አለች። ሰው በጉበት ካንሰር የሚያልቅባት ነበረች። ሕዝቡ በቆሎ ይበላ ነበር። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ወደ ሩዝ ተሻገሩ፤ አፍላቶክሲኑ ከሰው ደም ውስጥ ወረደ፤ በዓመታት ውስጥ የካንሰሩ ሞት ተከትሎት ወረደ። ክትባት ሳይደርሳቸው የተወለዱት ጎልማሶች ላይ ጭምር። ጂናቸው ያው የጥንቱ ነው። የተለወጠው ሳህናቸው ነው።

የአክስትህ ልጅ «ካንሰር የዘረመል ነገር ነው» ያለው ቃሉ እውነት ነው፤ ትርጉሙ ነው የሾለከበት። እ.ኤ.አ. በ1991 ከቺዶንግና ከደቡባዊ አፍሪካ የተወሰዱ የጉበት ዕጢዎች ሲመረመሩ ፒ53 በሚባለው ጂን ላይ፣ 249ኛው ቦታ ላይ፣ ተመሳሳይ ጉዳት ብዙዎቹ ላይ ተገኘ። አፍላቶክሲን ጥሎት የሄደ አሻራ ነው። ግን ያ ጉዳት ያለው ዕጢው ውስጥ ብቻ ነው። አባት በዕድሜው መሀል ጉበቱ ላይ ያገኘውን ጠባሳ ለልጁ አያወርስም። የአባትህ ዕጢ ከአባትህ ጋር ተቀብሯል።

እንግዲህ ወደ ኪቱ። ሰው ቤት ድረስ የሚላኩት የምራቅ ምርመራዎች ስለ ጉበት ከሚናገሩት ነገር የታወቁት ሁለት ናቸው። አንዱ ሰውነት ብረት የሚያጠራቅምበት፣ በብዛት የሰሜን አውሮፓ ሰዎችን የሚይዝ የዘር ችግር ነው። ሌላው አልፋ-1 አንቲትሪፕሲን የሚባል ፕሮቲን እጥረት ነው፤ እሱም በብዛት የሚገኘው አውሮፓውያን ላይ ነው። ያንተን ቤተሰብ ሐረግ ይዤ ሁለቱን መጀመሪያ አልጠረጥርም። ከሁሉ በላይ ኪቱ የሚያነበው ያንተን ዘረመል ነው፤ ቫይረሱን አይፈልግም። «ንጹሕ ነህ» ብሎህ፣ አንተም ደስ ብሎህ፣ ቫይረሱ እዚያው ተቀምጦ ሊኖር ይችላል። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያ ሂድና «የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ፣ ኤችቢኤስ አንቲጅን» በል። ከጣትህ ወይም ከክንድህ ትንሽ ደም ነው። ዋጋው አንድ ኪሎ ሥጋ አያስገዛም። ሌላውን የጉበት ቫይረስ፣ ሄፓታይተስ ሲንም አብረው ይዩልህ። ወንድምና እህት ካለህ ይዘሃቸው ሂድ። እናትህም ትመርመር፤ ከአባትህ ጋር ኖራለች። በሕይወት ያሉ የአባትህ የእናቱ ልጆችና ልጆቻቸውም።

ነጻ ከሆንክ ክትባት ሦስት ጊዜ ትወጋለህ፤ ዛሬ፣ ከወር በኋላ፣ በስድስተኛው ወር። ጉዳዩ አለቀ።

ከተገኘብህ ደግሞ እንደ ሞት ፍርድ አትየው። የአባትህ በሽታ የታወቀው ዘግይቶ ነው፤ አንተ 29 ዓመትህ ነው። የቫይረሱ መጠንና የጉበትህ ሁኔታ ይታያል። መድኃኒት ካስፈለገ ቴኖፎቪር በቀን አንድ ፍሬ ነው፤ የካንሰሩን ዕድል ይቀንሳል። አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ይህን ሕክምና ለብዙ ሰው ሰጥቷል። የቤተሰብህ ታሪክ ዋጋ የሚኖረውም እዚህ ላይ ነው። ተሸካሚ ሆኖ ወላጁ በጉበት ካንሰር የሞተበት ሰው፣ ከሌላው ተሸካሚ ይልቅ ዕድሉ ከፍ ይላል። ጂኑ ነው፣ አብሮ የበሉት ነው፣ ራሱ የቫይረሱ ዓይነት ነው፤ ሦስቱም ይኖሩበታል። ስለዚህ አንተ ዕድሜ ሳትጠብቅ በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ ትነሳለህ። ወንድሜ እንዲህ ሲያደርግ 14 ዓመት አለፈው። መጋቢትና መስከረም ላይ እኔ ነኝ ደውዬ የምነዘንዘው።

ሠርጉን በተመለከተ፣ ልጅቷም ትመርመር፣ ነጻ ከሆነች ትከተብ። ከተከተበችና ክትባቱ መያዙ ከታየ በጋብቻ አታስይዛትም። እርግማን የሚሉህን ሽማግሌዎች አትጣላቸው። ድሮ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው «የወፍ በሽታ ያዘው» ይባል ነበር፤ የሌሊት ወፍ በላዩ በርራበት ነው እያሉ። በቤተሰብ ውስጥ እንደሚዞር ያዩት እነሱ ናቸው፤ አይተው ስም ሰጡት። ስሙን ብቻ እናስተካክል። የወፍ መድኃኒት እያሉ የሚያጠጡትን ቅጠል ግን አደራ። የታመመ ጉበት ላይ ምን እንደሚጨምር የሚያውቅ የለም።

እህል ላይ አንድ ነገር። የሻገተ ኦቾሎኒ ወይም በቆሎ ታጥቦና ተቆልቶ መርዙ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። «ለላሟ እንስጣት» የሚባለውም አያዋጣም፤ በወተቱ ተመልሶ ይመጣል። የአዲስ አበባ አካባቢ ወተት ሲመረመር አፍላቶክሲን ተገኝቶበት፣ ጣት የተቀሰረው የኑግ ፋጉሎ ላይ ነበር።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ከኮምቦልቻ ነው። ሳዑዲ ልሄድ ሜዲካል ስመረመር ጉበት አለብሽ ተብዬ ወደቅኩ። ወረቀቱን የሰጠኝ ልጅ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው የነገረኝ፤ ሌላ ምንም አላስረዳኝም። ከዚያ አገባሁ፤ አሁን የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። አማቴ «በዘራችሁ ጉበት አለ፣ ልጁን ጡት እንዳታጠቢው» ትለኛለች። በዘር ይተላለፋል? — ዘ.

መልስ፦ እህቴ፣ ወረቀት ሰጥቶ ሰው ፊት ጮኾ የሚሸኝ ሰው አሳፍሮኛል። ለሥራው ቪዛ ነበር የመረመሩሽ፤ ላንቺ አልነበረም።

«ጉበት» ያሉሽ ሄፓታይተስ ቢ ይመስለኛል። በዘር አይተላለፍም። በወሊድ ጊዜ ግን በደም ይተላለፋል፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ዘር የሆነን ነገር መከላከል አንችልም፤ ይሄን እንችላለን። የክትትል ካርድሽን ይዘሽ በዚህ ሳምንት ሂጂና ሄፓታይተስ ቢ እንዳለብሽ ራስሽ ተናገሪ። የቫይረሱ መጠን ከፍተኛ ከሆነ፣ ወይም መጠኑን መለካት ካልተቻለ፣ ከመውለድሽ በፊት ቴኖፎቪር ሊያስጀምሩሽ ይችላሉ፤ ስድስተኛው ወር ትክክለኛው ጊዜ ነው። ቤት እንዳትወልጂ። የምትወልጂበት ቦታ ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት የሚያገኝበትን መንገድ ከአሁኑ ጠይቂ። ካለ ኢሚውኖግሎቡሊን የሚባለውንም መርፌ። የመጀመሪያዋ ቀን ናት ወሳኟ። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ የሚወጋው ክትባት ውስጥ ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም አለበት፤ ግን ላንቺ ልጅ ስድስት ሳምንት መጠበቅ ረጅም ነው።

ጡት አጥቢው። ለአማትሽ «ዶክተሯ ጻፈችልኝ» በያት፤ መጽሔቱን አሳያት። ባልሽ ይመርመር፣ ይከተብ። አማትሽም። ልጁ ከዘጠኝ ወር በኋላ ይመርመር።

አንቺንም የረሳሁሽ እንዳይመስልሽ። ከወለድሽ በኋላ ክትትሉን አታቋርጪ፤ አልትራሳውንዱ ላንቺም ነው።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ። 61 ዓመቴ ነው፤ ታክሲ እነዳለሁ፤ ሌሊት ነው የምሠራው። አልኮል በአፌ አይዞርም። ሐኪሜ ግን «ፋቲ ሊቨር» አለብህ፣ ወደ ጠባሳ እየሄደ ነው አለኝ። ልጄ ደግሞ «የዘር ነው አባዬ፣ ፒኤንፒኤልኤ3 ይባላል» አለችኝ። ከእኔ ሌላ ቤተሰቤ ውስጥ የጉበት ሰው የለም። — ተ.

መልስ፦ ጋሼ፣ ልጅዎ ጎበዝ ናት። ፋቲ ሊቨር ማለት ጉበት ላይ ስብ ሲከማች ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ዳላስ ውስጥ ሔለን ሆብስና ጆናታን ኮኸን የሚመሩት ቡድን ነው የጂኑን ከዚህ ጋር ያለውን ዝምድና ያገኘው። ጂኑ ላይ አንዲት ፊደል ስትለወጥ ፕሮቲኑ 148ኛው ቦታ ላይ ይቀየራል፤ ስብ ከጉበት አልወጣ ይላል። ሁለት ቅጂ የያዘ ሰው ለጠባሳም ለጉበት ካንሰርም የበለጠ የተጋለጠ ነው። የላቲን አሜሪካ ዘር ባላቸው ላይ ይበዛል፣ ጥቁር አሜሪካውያን ላይ ያንሳል። የሚከላከል ጂንም አለ፤ ኤችኤስዲ17ቢ13 ላይ ያለ አንድ ለውጥ ጉበትን እንደሚጠብቅ እ.ኤ.አ. በ2018 ታውቋል። ቤተሰብዎ ውስጥ የታመመ አለመኖሩም ጂኑ የለም ማለት አይደለም፤ አባትዎ ቢይዙትም በእግራቸው የሚሄዱ ሰው ነበሩ ብዬ እገምታለሁ።

ነገሩ ግን እዚህ ላይ ነው። ይህ ጂን ቀጭን ሰው ላይ ብዙም አይሰማም፤ ክብደት ሲጨምር ነው ድምፁ የሚጎላው። ስለዚህ ጂኑ ቢኖርዎትም ባይኖርዎትም የማዝዝልዎ ያው ነው። ታክሲ ውስጥ ኩባያው መያዣ ላይ ምን አለ? ሶዳ ከሆነ በውኃ ይተኩት። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የሚበሉትን ነገር ለልጅዎ ይንገሯትና ትቁጠረው። ስኳር በሽታ እንዳለብዎ ይታይ። ክብደትዎ ከመቶ ሰባት፣ ስምንት ቢወርድ ጉበትዎ ያመሰግንዎታል፤ 90 ኪሎ ከሆኑ ሰባት ኪሎ ማለት ነው። ጠባሳው ጉበቱን ወደሚያደርቀው ሲሮሲስ ደርሶ ከሆነ በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ እርስዎም ጋ አለ፤ ሐኪምዎን ይጠይቁት።

እና ጋሼ፣ አገር ቤት ነው የተወለዱት። አሜሪካ ከገቡ ጀምሮ ሄፓታይተስ ቢና ሲ ተመርምረዋል? ፋቲ ሊቨር ብቻ ነው ብለው ሳያዩት የቀሩ ሰዎች ገጥመውኛል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ያስታውሷቸው።